ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጤና መድን ሕግ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ አጠገብ በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል፥ በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ የሚፈቅድ፥ በኢጣልያንኛ ግን የሚያስገድድ ሆኖ ስለ ተጻፈ እስከ ዐድዋ ጦርነት ማድረሱን የማያውቅ የለም። በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት ዛሬም በሌላ ረገድ የውጫሌን በሽተኛ ይነካዋል።

በ2002 ዓ.ም. የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከት ነው። ለገበሬው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ግን፥ ከተመረጡት አንዱ የአምባሰል ጎረቤት ተሁለደሬ ነበር። ቤተ ሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ለድኻው መንግሥት ይከፍልለታል፤ የታመመውም ውል በገባ የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። በእድር ለቀብር ሲያዋጣ ለኖረ ሕዝብ፥ በሕይወት ላለው ማዋጣት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የስኳር በሽታ እንደ ወባ ታክሞ የሚለቅ አይደለም። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመበት ሰው፥ ይልቁንም ሕፃን፥ መድኃኒቱን በየቀኑ ካልተወጋ አይድንም። በ1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው በሽተኛ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ መድኃኒቱን ያገኙትም ሰዎች የባለቤትነት መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ በአንድ ዶላር ብቻ ለቀዋል። መድኃኒቱ እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቋረጥበት አገር ይህ ራሱ ችግር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መድኃኒቱ ከመንግሥት መደብር ሲያልቅ ነው። በሽተኛው ወረቀት ተጽፎለት ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል፤ በዚያም የመድን ደብተሩ ብዙ ጊዜ አያገለግለውም። መዋጮውን የከፈለ ሰው ሁለተኛ ይከፍላል፤ ገንዘብ ያጠረው ደግሞ መጠኑን ቀንሶ ይወጋል፤ ይህም ለሞት የሚያደርስ ነው።

ስለዚህ በዚህ ነገር ሕጉ «ይቻላል» ማለት አይበቃውም። ኢንሱሊን፥ መርፌና የደም ስኳር መለኪያ በጤና ጣቢያው ሳይጓደሉ እንዲገኙ፥ ሲጠፉም በሽተኛው ከግል የገዛበትን መድኑ እንዲመልስለት በግልጽ ማስገደድ ይገባዋል። ወጪው ይበዛል የሚል ቢኖር፥ እግሩ ለተቆረጠና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የሚወጣውን አብሮ ይቁጠር። መዋጮ ከመሰብሰቡም በፊት የየጤና ጣቢያው የኢንሱሊን ክምችት ተቆጥሮ ለአባላቱ ቢነገር፥ ገበሬው የሚከፍልበትን ነገር አውቆ ይከፍላል።