ስለ መስመር ፍጻሜ፤ የኢሜይል መጻፊያ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት

መስመር የሚያልቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጸሐፊው ራሱ በዚያ ስፍራ ሊያበቃ ሲወድ፥ ሁለተኛው የገጹ ስፋት ሲያልቅበት ነው። የፊተኛው የፈቃድ ፍጻሜ፥ የኋለኛው የግድ ፍጻሜ ቢባል ይስማማዋል። የብራና ጸሐፊ ዓምዱ ሲሞላበት ቃሉን ከመካከል ከፍሎ የቀረውን ፊደል ወደ ታች ያወርዳል፤ አንባቢውም ሁለት ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ቃሉ እንዳልተፈጸመ ያውቃልና አይሳሳትም። በኮምፒዩተር ግን ሁለቱ ፍጻሜዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ምልክት ይጻፋሉ። ስለዚህ ጽሑፍን በራሱ የሚያስተካክለው ፕሮግራም አንዱን በሌላው ስፍራ እየተረጐመ ደብዳቤውን ያበላሻል።

የነገሩ መነሻ የጽሕፈት መኪና ነው። በእርሱ አንድ መስመር ሲፈጸም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሠረገላው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፥ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። በኮምፒዩተር የምልክት ሠንጠረዥ ለፊተኛው 13፥ ለኋለኛው 10 የሚል ቍጥር ተሰጠ። ዊንዶውስ ሁለቱን አከታትሎ ይጽፋል፤ ዩኒክስ 10ን ብቻ፥ የቀድሞው ማኪንቶሽ ደግሞ 13ን ብቻ ይጽፍ ነበር። ኢሜይል በሚላክበት ጊዜ ሁለቱ ተከታትለው እንዲሄዱ ደንቡ ያዛል። እነዚህን እንደ ሁለት ፍጻሜ የሚቈጥር ፕሮግራም ግን በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር ያገባል።

ሁለተኛው ችግር የመስመር ልክ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል ደንብ አንድ መስመር ከ998 ምልክት እንዳያልፍ ያዛል፥ ከ78ም እንዳይበልጥ ይመክራል። በዚህ ልክ የተቈረጠ ደብዳቤ በጠባብ የእጅ ስልክ ሲታይ፥ አንድ ረጅም አንድ አጭር መስመር እየተፈራረቀ ንባቡን ያሰናክላል። ይህን ለማቃናት በ1999 እ.ኤ.አ. ሌላ ደንብ ወጣ፤ በ2004ም ታደሰ። በዚህ ደንብ መሠረት በባዶ ቦታ ያለቀ መስመር የግድ ነውና ከሚከተለው ይጋጠማል፤ ያለ ባዶ ቦታ ያለቀ ግን የፈቃድ ነውና አይነካም።

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 998ቱም በባይት ሲቈጠር የሚበቃው ለ332 ፊደል ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ባይት እየቈጠረ በዘፈቀደ ቢቈርጥ ፊደሉ ራሱ ተሰብሮ የማይነበብ ይሆናል። ደግሞም ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ የሚለይ ጽሑፍ ባዶ ቦታ የለውምና፥ መስመሩ ከሁለት ነጥብ በኋላ እንዲታጠፍ መፍቀድ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፈቃድ ፍጻሜ ሲጠፋ ነው። ብዙዎቹ የኢሜይል መጻፊያዎች የሚሠሩበት የድረ ገጽ ቋንቋ ተራውን የመስመር ፍጻሜ እንደ ባዶ ቦታ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ከሌላ ስፍራ የተቀዳ የ8 ቤት መወድስ በጥንቃቄ ካልተለወጠ አንድ ወጥ ንባብ ሆኖ ይደርሳል፤ ቤት የተመታበትም ስፍራ ይሰወራል። የተበዳሪዎች ዝርዝር ቢሆን ደግሞ ስምና ገንዘብ ተቀላቅሎ፥ በሁለት ስሞች መካከል የቆመው ቍጥር የማን ዕዳ እንደ ሆነ ሊያጠራጥር ይችላል።

እንግዲህ መልካም መጻፊያ አራት ነገር ይጠብቃል። አንደኛ፥ ጸሐፊው ኤንተርን መትቶ ያበቃውን መስመር ከሌላ ጋር አይገጥምም፤ አዲስ አንቀጽንም በአንቀጽ ውስጥ ካለ አዲስ መስመር ይለያል። ሁለተኛ፥ በመስኮቱ ጥበት የታጠፈውን ለዓይን ብቻ ያሳያል እንጂ ከጽሑፉ ጋር አያስቀምጥም። ሦስተኛ፥ ከውጭ የመጣውን ጽሑፍ አስቀድሞ ወደ አንድ ዓይነት ምልክት ይመልሳል፥ ከዚያ በኋላ ያስተካክላል። አራተኛ፥ ፍጻሜው የፈቃድ ይሁን የግድ ሲያጠራጥር እንዳለ ይተወዋል፤ የለወጠውንም ጸሐፊው በአንድ ትእዛዝ እንዲመልሰው ያደርጋል።

የአራተኛው ምክንያት ግልጥ ነው። የተረፈ ፍጻሜ ዓይንን ያስቸግራል፥ አንባቢውም በልቡ ያቃናዋል። የጠፋ ፍጻሜ ግን የጸሐፊውን አሳብ ይዞ ይጠፋል፤ ደብዳቤው ብቻ በእጁ ያለ ሰውም መልሶ ሊያገኘው አይችልም።