ተራራን ሁለት ጊዜ ማንሣት
ለደስታ የተነሣ ፎቶግራፍ እንዴት የሳይንስ ማስረጃ ይሆናል?

በመካነ ሰላም ከተማ ዳር ካለ ከፍታ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ማዶ ያለውን ተራራ ይመለከታሉ እንበል። አዛውንቱ «ይህ ሁሉ በልጅነቴ ጫካ ነበር» ይላሉ። ወጣቱ ደግሞ «አባባ፣ እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ዛፉ ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አላየሁም» ሲል ይመልስላቸዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ይሁን እንጂ የሰው ትዝታ አንዱን ነገር አጉልቶ ሌላውን አደብዝዞ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ በቃል ክርክር ብቻ እውነቱን ማግኘት አይቻልም። ከሃምሳ ወይም ከስድሳ ዓመት በፊት ከዚያው ቦታ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ቢገኝ ግን ክርክሩ መልኩን ይለውጣል።

የመሬት ገጽታን፣ የዱር እንስሳትንና የጥንት ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ ማንሣት ብዙ ሰዎች ያለ ክፍያ፣ ለደስታቸው ብቻ የሚያከናውኑት ተግባር ነው። ዛሬ ካሜራ ያለው ስልክ በየኪሱ ስለሚገኝ የአማተር ፎቶግራፍ አንሺው ቁጥር እጅግ በዝቷል። ውድ አንባቢ፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በምን ሁኔታ ለሳይንስ እንደሚጠቅምና በምን ሁኔታ እንደሚያሳስት ነው።

ወሎና ጥንታዊ ፎቶግራፎች

በሰሜን ኢትዮጵያ ከተነሡት የመሬት ገጽታ ፎቶግራፎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ከወሎ ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ዋና ሥራቸው ካርታዎችንና ንድፎችን ማባዛት ቢሆንም፣ በጉዞው ያገኟቸውን ተራሮችና መንደሮች፣ የመቅደላን አምባም ጭምር አንሥተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉበት ይህ አምባ የሚገኘው በዛሬው ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው።

ከ140 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የቤልጂጉ ተመራማሪ ያን ኒሰንና የሥራ ባልደረቦቹ ከእነዚያ ፎቶግራፎች መካከል የ13ቱን ቦታ በሰሜን ኢትዮጵያ ፈልገው አገኙ፤ ከዚያው ሥፍራ ቆመውም እንደገና አነሷቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤታቸው ብዙዎችን የሚያስገርም ነበር። በ1868 ፎቶግራፎች ላይ የሚታዩት ተዳፋቶች ገና በዚያን ጊዜ የተራቆቱ ነበሩ። በ2008ቱ ላይ ግን የእፅዋት ሽፋኑ ተሻሽሏል፤ ከባሕር ዛፍ በተጨማሪ አገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በየቦታው አገግመዋል፤ የእርከን ሥራም ይታያል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሕዝቡ ቁጥር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ መጨመሩን ስናስብ፣ «ሕዝብ ሲበዛ ደን ይጠፋል» የሚለው ቀላል አባባል ሁልጊዜ እንደማይሠራ እንረዳለን።

በወሎ ላይ ያተኮረ ሌላ ጥናትም አለ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያናዊው የግብርና ባለሙያ አርማንዶ ማውጂኒ በወሎ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደዚያው አገር ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍም በብዙዎቹ ቦታዎች የሚታየው ዛፍ ከቀድሞው የበለጠ መሆኑን በማሳየት፣ የወሎ ደን መመናመን እንደተነገረው ያለ ሂደት ነው ወይስ የታሰበ ብቻ የሚል ጥያቄ አነሣ። የኢትዮጵያ ደን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ 40 በመቶ ነበር የሚለው ተደጋግሞ የሚጠቀስ አሐዝ በተመራማሪዎች ዘንድ ጥያቄ ውስጥ የገባው እንዲህ ባሉ ማስረጃዎች ጭምር ነው።

ይህ ማለት ግን የደን ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ የውጭ ዛፍ ነው። በቤት ዙሪያ የተተከለ የባሕር ዛፍ ረድፍ በፎቶግራፍ ላይ «ዛፍ ጨመረ» ብሎ ይመሰክራል፤ ጽድን፣ ወይራንና ኮሶን ከነ እንስሳታቸው የያዘ የተፈጥሮ ደን ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አዛውንቱም ወጣቱም ከፊል እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፉ የሚነግረን ዛፍ መኖር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነም ጭምር እንዲሆን በጥንቃቄ ሊነሣና ሊነበብ ይገባል።

የቀድሞውን መቆሚያ ማግኘት

አንድን ተራራ እንደገና ለማንሣት በመጀመሪያ የቀድሞው ካሜራ የቆመበትን ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህን የሚያስችለን ቀላል የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። በመንገድ ላይ ስንሄድ ቅርብ ያለው ዛፍ ቶሎ ወደ ኋላ ሲያልፍ ሩቅ ያለው ተራራ አብሮን የሚጓዝ ይመስላል። በቅርቡና በሩቁ ነገር መካከል ያለው አቀማመጥ የሚለወጠው እኛ ቦታ ስንለውጥ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከካሜራው 50 ሜትር ርቆ አንድ ቋጥኝ፣ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ አንድ የተራራ ጫፍ አለ። በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ የቋጥኙ ጫፍ በትክክል ከተራራው ጫፍ ሥር ይታያል። እኛ አንድ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ተሳስተን ብንቆም፣ ቋጥኙ ከተራራው አንጻር ከአንድ ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ማዕዘን ይሸሻል። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምና የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ በፊልሙ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ፎቶግራፉ በአሥር እጥፍ ጎልቶ ሲታተም 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ልዩነት በዐይን በግልጽ ይታያል። እንግዲህ አሮጌውን ፎቶግራፍ በእጅ ይዞ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሱ ቅርቡንና ሩቁን በማገጣጠም መቆሚያውን ከአንድ ሜትር ባነሰ ስህተት ማግኘት ይቻላል።

እዚህ ላይ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። የነገሮችን እርስ በርስ አቀማመጥ የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ቦታ እንጂ ሌንሱ አይደለም። ሌንሱ የሚወስነው የሥዕሉን ስፋት ብቻ ነው። ስለሆነም የተለየ ሌንስ መጠቀም ጠርዙን በመቁረጥ ይስተካከላል፤ የተሳሳተ መቆሚያ ግን በኋላ በምንም ሊታረም አይችልም።

ወቅት፣ ሰዓትና ጥላ

የደጋው ገጽታ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። በመስከረም ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሣሩም ለምልሟል። በየካቲት አቧራና ጭስ አየሩን ያደበዝዙታል፤ እርሻውም ባዶ ነው። የየካቲትን ፎቶግራፍ ከመስከረም ጋር ያነጻጸረ ሰው በአምስት ወር ውስጥ «በረሃማነት ተስፋፋ» ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የ2008 ጥናት ሁለቱንም ጊዜ በበጋ የተነሡ ፎቶግራፎችን የተጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፀሐይም አቅጣጫ እንዲሁ ይለወጣል። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ። በታኅሣሥ 12 ገደማ በቀትር 10 ሜትር ቁመት ያለው ቤተ ክርስቲያን ወደ ሰሜን 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥላ ይጥላል። በሰኔ 14 ገደማ ግን ጥላው ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን የሚወድቀውም ወደ ደቡብ ነው። ወደ ሰሜን የዞረ ገደል በክረምት ወራት ቀትር ላይ ብርሃን ሲያገኝ በበጋ በጥላ ይዋጣል። በጥላ የተዋጠ ተዳፋት በፎቶግራፍ ላይ በደን የተሸፈነ ሊመስል ስለሚችል፣ በወሩ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም መስማማት ይገባል።

ጥቁር የሆነ ሁሉ ዛፍ አይደለም

የ1868ቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች የተጠቀሙት በመስታወት ላይ የሚሠራውን እርጥብ የኮሎዲዮን ዘዴ ነው። መስታወቱ በኮሎዲዮን ተቀብቶ፣ በብር ናይትሬት ውስጥ ተነክሮ፣ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። በዚህም ምክንያት የጨለማ ድንኳንና ኬሚካል ተሸክሞ ተራራ መውጣት ግዴታ ነበር።

ይህ ዘዴ አንድ ጠባይ አለው፤ የሚያየው በአብዛኛው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ብቻ ነው። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አረንጓዴ ቅጠል ጥቁር ይሆናል፤ ቀይ አፈርም እንዲሁ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ጠቆር ያለ ተዳፋት ሲያጋጥመን ደን ነው ለማለት መቸኮል የለብንም። ዛፍን ከአፈር የሚለየው ቅርጹ፣ ሸካራነቱና የራሱ ጥላ ነው።

ዲጂታል ካሜራም ከወሰን ነጻ አይደለም። በአግድም 4000 ፒክስል ያለው የተለመደ የስልክ ካሜራ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ፒክስል የሚይዘው 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነው። ስድስት ሜትር ተኩል የሚሰፋ የዛፍ አናት በዚህ መጠን አሥር ፒክስል ይሆናል፤ ሊቆጠር ይችላል። ያው ሥዕል በመልእክት መላኪያ ሲላክ ተቀንሶ ወደ 1280 ፒክስል ቢወርድ ግን አንዱ ፒክስል 2 ሜትር ይሆናል፤ ዛፉም ሦስት ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ለጓደኛ ለማሳየት ይህ ይበቃል፤ ለማስረጃነት ግን ዋናው ቅጂ መቀመጥ አለበት።

እንስሳትና ሕንፃዎች

ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ በሚል ስም የሚታወቀው፣ በኋላም የቦረና ሳይንት ፓርክ የሆነው ደን ይገኛል። በዝቅተኛው ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ የበቀሉበት ውርጫማ ሜዳ አለው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሁለቱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በመላው አገሪቱ የቀረው ጎልማሳ ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል፤ የሚኖረውም እርስ በርሳቸው በተቆራረጡ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ የተመዘገበበት አንድ ፎቶግራፍ «እንስሳው በዚህ ጊዜ እዚህ ነበር» የሚል የማያሻማ ምስክር ነው።

ሆኖም ምስክሩ በእንስሳው ላይ ጉዳት ማምጣት የለበትም። ቀይ ቀበሮን ክፉኛ ከሚያጠቁት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ በመሆኑ ውሻ አስከትሎ ወደ ሜዳው መሄድ አይገባም። ወደ ጉድጓዱ መጠጋት፣ ለጭላዳ ዳቦ መወርወር፣ ግልገል ያለበትን ቦታ በአደባባይ ማሳወቅም እንዲሁ መወገድ አለባቸው። በሩቅ የተነሣ ትንሽ ሥዕል በቅርብ ከተነሣ የደነገጠ እንስሳ ሥዕል ይበልጣል።

ወደ ሕንፃዎች ስንመጣ የጎደለውን ማስታወስ ይጠቅማል። በጥንቱ ቤተ አማራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩትና ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት መካነ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1531 በእሳት ወድሟል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝና የኢማም አሕመድ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ ግርማው ጽፈዋል፤ መልኩን ግን በዐይናችን ልናይ አንችልም። ዛሬ በሳይንት ያለው ተድባበ ማርያምን የመሰሉ ጥንታዊ ሥፍራዎችና በየመንደሩ ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ግን ሊነሡ ይችላሉ። የሣር ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲተካ የሚያስታውሰው ማን ነው? አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ አራቱንም ገጽ ማንሣት፣ ግድግዳው አጠገብ አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ ማቆም፣ በጥንታዊ ሥዕል ላይ ፍላሽ አለመጠቀም፤ ይህ ሁሉ ብዙ ድካም የለውም።

የሚቀረው ጽሑፉ ነው

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች ለብዙ ዓመታት ተዘንግተው ከቆዩ በኋላ በአዲስ አበባ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተገኝተዋል። ለጥናት የበቁት ስለተረፉ ብቻ አይደለም፤ ቀንና የበረራ ቁጥር ስለተጻፈባቸውም ጭምር ነው። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶግራፍ ምንም ያህል ቢያምር ለተመራማሪ ዲዳ ነው።

ስለዚህ አማተሩ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር አራት ነገሮችን ይመዝግብ፦ የት እንደቆመ፣ ወደየት እንዳነጣጠረ፣ በስንት ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ የቦታውን ስም የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው። የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ያረጋግጥ። ዋናውን ፋይል ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጥ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም። ከዚህም ሌላ ያማረውን ብቻ አያንሣ። ውብ ገደል ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ጎኑ ያለው ተራ እርሻና የተሸረሸረ ቦይ ግን አይነሣም። ከዚህ የተነሣ መጪው ትውልድ ስለ አገሩ የተዛባ ምስል ይወርሳል።

አዛውንቱና ወጣቱ ክርክራቸውን ዛሬ ላይጨርሱ ይችላሉ፤ ካለፈው ዘመን የተነሣው ፎቶግራፍ ጥቂት ነውና። ነገር ግን ወጣቱ ያንኑ ተራራ ዛሬ አንሥቶ፣ አዛውንቱ የነገሩትን የየቦታውን ስም በጀርባው ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከዚያው ድንጋይ ላይ የሚቆሙት ልጆች የሚከራከሩት በትዝታ ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።