ከቁልቁለቱ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው የተሽከርካሪ ዘይትና ፊልትሮዎች

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚጓዝ ተሽከርካሪ ወደ ዐባይ ሸለቆ ሲወርድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። በዚህ ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። አደጋው የሚከፋው ዘይቱ ያረጀ እንደኾነ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። 4 በመቶ የማይሞላ ውኃ ሲቀላቀልበት ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ የእግርን ኃይል ወደ ጎማው ያደርሳል፤ እንፋሎት ግን ራሱ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናውም አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ መኾኑ ብቻ ዋስትና አይኾንም፤ ብዙ አምራቾች በ2 ዓመት አንድ ጊዜ እንዲቀየር ያዝዛሉ። ሲጎድል ዝም ብሎ መጨመርም ያለቀ ሸራን ወይም የሚያፈስ ቧንቧን መደበቅ ነው። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች ደግሞ በአየር ታንካቸው የሚጠራቀመው ውኃ በየጊዜው ሊፈስስ ይገባል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰብል የሚያመላልሱ መኪኖችና ትራክተሮች ዋና ጠላት አቧራ ነው። በአየር ፊልትሮ ያለፈ ደቃቅ አሸዋ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ዘይትም መብላት ይጀምራል። ፊልትሮን መሬት ላይ እየመቱ ማራገፍ የተለመደ ቢኾንም ጎጂ ነው፤ በኃይለኛ አየር መንፋትም ወረቀቱን ይቀድደዋል። የግድ ማጽዳት ካስፈለገ በዝግተኛ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ይሻላል። የተቀደደ ፊልትሮ እንደሌለ ይቆጠራል።

የሞተር ዘይትም በአቧራና በጭነት ፈጥኖ ያረጃል። በተለመደ መንገድ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዘይት በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ በ5 ሺህ መቀየር ሊኖርበት ይችላል፤ ትራክተር ግን የሚቆጠረው በሠራበት ሰዓት ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ቢጠቁር አያስደነግጥም። ወተት መስሎ ከተገኘ ግን ውኃ ገብቶበታልና ሞተሩን ማስነሣት አይገባም።

በየገጠሩ ናፍጣ በበርሜል ይቀመጣል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከበርሜሉ ሥር ይረጋል፤ ወደ ሞተሩ ከዘለቀ የነዳጅ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ያበላሻል። በርሜሉ ሳይነቃነቅ ካደረ በኋላ ከላይ መቅዳት፣ ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ እየከፈቱም የተጠራቀመውን ውኃ ማውጣት ያስፈልጋል። ፊልትሮው የሚገዛበት ዋጋ ከኢንጀክተር ጥገና ጋር አይወዳደርም።