ውኃና አየር የሚገናኙበት ድንበር

ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ላይ ደረቅ የስፌት መርፌ በጥንቃቄ አጋድመን ብናስቀምጥ አይሰምጥም። ብረት እኩል ይዘት ካለው ውኃ 8 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ታዲያ መርፌውን ምን ተሸከመው? ምስጢሩ የሚገኘው ውኃውና አየሩ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

በውኃው መካከል ያለ ሞለኪውል በጎረቤቶቹ ከየአቅጣጫው እኩል ይሳባል። በድንበሩ ላይ ያለው ግን ከበላዩ የሚስበው የውኃ ሞለኪውል ስለሌለ ወደ ጎንና ወደ ውስጥ ይሳባል። በዚህም የተነሣ የውኃው ገጽ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ስፋቱን ለመቀነስ ይጥራል። ይህን ባሕርይ የገጽ ውጥረት እንለዋለን። ከመርፌው አጠገብ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ብንጨምር ሳሙናው በድንበሩ ላይ ተሠራጭቶ ውጥረቱን ያላላል፤ መርፌውም ወዲያው ይሰምጣል።

ይኸው ድንበር በሳንባችንም ውስጥ አለ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው በስስ የፈሳሽ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ የሽፋኑም ውጥረት ከረጢቶቹን አኮማትሮ ሊዘጋቸው ይታገላል። ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ትግሉ ይበረታል። ራዲየሱ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ከረጢት በንጹሕ ውኃ ቢለበጥ፣ እንዳይዘጋ ለማድረግ የ28 ሴንቲ ሜትር የውኃ ዓምድ ያህል ግፊት በጠየቀ ነበር። ደግነቱ ሳንባችን በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ የራሱ «ሳሙና» አለው፤ ስሙም ሰርፋክታንት ይባላል።

ሰርፋክታንት በበቂ መጠን የሚመነጨው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ስለሆነ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እያንዳንዱን ትንፋሽ በትግል ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሪ ሚድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በዚህ ሕመም የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት እንደሚጎድለው አሳዩ። መንሥኤው ቢታወቅም መድኃኒቱ ገና ነበር፤ በ1963 የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ያለ ጊዜው ተወልዶ በሁለተኛው ቀን በዚሁ ሕመም ሞተ። በ1980 ግን ጃፓናዊው ሐኪም ቴትሱሮ ፉጂዋራና ባልደረቦቹ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት በመተንፈሻ ቧንቧቸው ሰጥተው አተነፋፈሳቸው መሻሻሉን አስታወቁ። ዛሬ ሰርፋክታንት በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

መርፌውን ያሰመጠችው የሳሙና ጠብታና ለሕፃኑ ትንፋሽ የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ሁለቱም የውኃንና የአየርን ድንበር ያላላሉ።