የጥቃቅን ምስሎች መቆሚያና ቀለም አመራረጥ

በታሪክም ሆነ በሥነ ጥበብ ትምህርት አንድን የጦር ሜዳ በጠረጴዛ ላይ በጥቃቅን ምስሎች ሠርቶ ማሳየት የተማሪውን ዓይንና ልብ ይስባል። ይሁን እንጂ ተማሪዎች ብዙ ቀን ደክመው የቀረጿቸውና የቀቧቸው ምስሎች ጠረጴዛው ላይ ሲሰለፉ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ የማይለይበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀለምና የመቆሚያ አመራረጥ ነው። መቆሚያ የምንለው ምስሉ የሚተከልበትን ትንሽ ገበታና በላዩ የሚሠራውን መሬት ነው። ሁለቱ በአንድነት መመረጥ አለባቸው፤ ምርጫውም ከመሬቱ ቢጀምር ይሻላል። ይህን ለማስረዳት የዋተርሎን ጦርነት በምሳሌነት እንወስዳለን።

የመሬቱ ጥናት

የዋተርሎ ጦርነት እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1815 በዛሬይቱ ቤልጅየም ተካሄደ። ዊልያም ሳይቦርን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1830 የዚህን ውጊያ ትልቅ ቅርጽ እንዲሠራ ታዘዘ። ሳይቦርን ሥራውን የጀመረው ከወታደሮቹ አልነበረም። ላ ኤ ሴንት በተባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ያህል ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከዚያም በጦርነቱ ለነበሩ መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ ጦራቸው የት እንደነበር ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን በማሳው ላይ ምን እህል እንደነበረ ጭምር ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ የታየው ይህ ቅርጽ ከ70 ሺህ በላይ ጥቃቅን ምስሎች ያሉበት ሲሆን፣ አሁን ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል።

ስለ እህሉ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ወሩ ሰኔ በመሆኑ በሜዳው ላይ ራይ የተባለው ስንዴ መሰል እህል ገና ሳይታጨድ ቆሞ ነበር። በዋዜማው ደግሞ ከባድ ዝናብ ስለ ጣለ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ስለዚህ ለዋተርሎ ምስሎች ለስላሳ አረንጓዴ ሣር ብቻ ያለበት መቆሚያ አይስማማም። የሚስማማው ጠቆር ያለ ቡናማ ጭቃና በላዩ የተረጋገጠ ቢጫማ አገዳ ነው።

ቀለሙን ከመሬቱ ጋር ማዛመድ

የእንግሊዝ እግረኛ ቀይ ኮት ይለብስ ነበር። ቀይና አረንጓዴ ተጻራሪ ቀለማት በመሆናቸው አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። ነገር ግን ተጻራሪነት ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም እኩል የጠቆሩ ከሆኑ ራቅ ብሎ ለሚያይ ይዋሐዳሉ። ለዚህ ቀላል ፈተና አለ፤ ከምስሉ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ዓይንን ጨፈን አድርጎ መመልከት ነው። ምስሉ ከመሬቱ ተለይቶ ካልታየ ወይ መሬቱን ማፍካት ወይም ልብሱን ማድመቅ ያስፈልጋል። ጥቁር አረንጓዴ የሚለብሱት የእንግሊዝ ጠመንጃ ተኳሾች በአረንጓዴ ሣር ላይ ይጠፋሉ፤ በቢጫማው አገዳ ላይ ግን ጎልተው ይታያሉ።

ከዚህ የሚከብደው የፈረንሳይና የፕሩስያ ጉዳይ ነው። የሁለቱም እግረኛ ኮት ሰማያዊ ነበር። የፕሩስያው ሰማያዊ እጅግ የጠቆረ፣ ሱሪውም ግራጫ ሲሆን፣ የፈረንሳዩ ኮት ከፊት ነጭ ነበረበት። እንግዲህ የፈረንሳዩን ሰማያዊ ትንሽ አፍክቶ ነጩን በጥንቃቄ ማጉላት፣ የፕሩስያውን ደግሞ ወደ ጥቁር ማስጠጋት ልዩነቱን ያወጣዋል። አንድ ግልጽ ምልክት ከብዙ ጌጥ ይበልጣል። በኢትዮጵያ ልማዳዊ ሥዕልም ወገን በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን ፊት የሚሳለው ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ እንዲለያቸው ነው።

የምስሉ ትንሽነትም መዘንጋት የለበትም። 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ምስል የልብሱ እጥፋት በቂ ጥላ አይጥልም፤ ጥላውን ቀቢው ራሱ መሥራት አለበት። እንዲሁም በትልቅ ጨርቅ ላይ ትክክል የሆነው ቀለም በትንሽ ምስል ላይ ጠቁሮ ይታያል። ስለሆነም በቀለሙ ላይ ጥቂት ነጭ ወይም ሌላ ፈካ ያለ ቀለም መጨመር ይገባል።

አሠራሩ

አንደኛ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ወይም ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ለመቆሚያ ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ኮላ ተቀብቶ አሸዋ ይነስነስበት፤ ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ ይቀባ። ሦስተኛ፣ ብሩሽን በፈካ ቡናማ ነክሮ በጨርቅ ካደረቁ በኋላ በአሸዋው አናት ላይ ብቻ በስሱ ማስኬድ ነው፤ ጉድጓዱ ጠቁሮ ሲቀር ጉብታው ይፈካል። አራተኛ፣ ካረጀ ብሩሽ የተቆረጠ ፀጉር ቢጫ ተቀብቶ ቢለጠፍ የእህል አገዳ ይመስላል። አምስተኛ፣ ሁሉንም ምስል ከመቀባት በፊት አንዱን ብቻ ቀብቶ በተለያዩ መቆሚያዎች ላይ እያቆሙ መፈተን ጊዜና ቀለም ያተርፋል። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች የተዋጉት በአንድ ሜዳ ላይ ስለሆነ የሁሉም መቆሚያ አንድ ዓይነት ይሁን።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ?

ተማሪ በዓይኑ ያየውን ያምናል። ንጹሕ ልብስ የለበሱ ወታደሮች በለመለመ ሣር ላይ ቆመው ካየ ጦርነት ሰልፍ ይመስለዋል። የምስሎቹ ቁጥርና ቦታም እንደዚሁ ነው። ሳይቦርን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ የነበረውን ሁኔታ ሲያሳይ ብዙ ፕሩስያውያንን በሜዳው ላይ አቁሞ ነበር። የእንግሊዙ አዛዥ የዌሊንግተን መስፍን ይህ የፕሩስያን ድርሻ ያጋንናል በማለት ስለ ተቃወመ፣ ሳይቦርን በኋላ ብዙዎቹን አነሣቸው። ድሉ የማን ነው የሚለው ክርክር የተካሄደው በጥቃቅን የብረት ምስሎች ላይ ነበር ማለት ነው። በመሆኑም መምህሩ እያንዳንዱን ቀለምና እያንዳንዱን ቦታ የመረጠበትን ምክንያት ለተማሪዎቹ ማስረዳት ይገባዋል።

መልመጃ

1. ቀይ ልብስ የለበሰ ምስል በቀይ አፈር ላይ ቢቆም ልብሱን ሳይለውጡ እንዴት ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል?

2. በታሪክ ከተማራችኋቸው ጦርነቶች አንዱን መርጣችሁ ወሩን፣ አየሩንና በመሬቱ ላይ የነበረውን ተክል አጥኑ፤ ከዚያም ለመቆሚያው ሦስት ቀለማት ምረጡ።

3. ሳይቦርን ምስሎቹን ማንሣቱ ትክክል ነበርን? በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።