«ትንፋሽ መያዝ»፣ «መታፈን»፣ «መስጠም»፦ በአንድ የጨዋታ ሕግ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ከአዳማ ሆኖ ስለ መስጠም የሚጽፍ ሰው ከሥፍራው ስም ቢጀምር አያስነቅፈውም። ስምጥ ሸለቆ የሚለው ስያሜ የወጣው «ሰመጠ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ይኸውም ፊደላቱ ቦታ ከመለዋወጣቸው በቀር «ሰጠመ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ሸለቆው ሰመጠ ስንል መሬቱ ዝቅ ማለቱን፣ ጀልባው ሰጠመ ስንልም ወደ ታች መውረዱን እንናገራለን። ሰው ሰጠመ ሲባል ግን ሰሚው የሚረዳው መሞቱን ነው።

ይህ ልዩነት ተርጓሚን ከሚያስቸግርባቸው ቦታዎች አንዱ፣ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የገጸ ባሕርያትን ሚና በቃል የሚጫወቱበት ጨዋታ ሕግ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እጅግ የታወቀው በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፣ የ2014ቱ አምስተኛ እትም ሕግ ሦስት ደረጃዎችን ይለያል። አንድ ፍጡር ትንፋሹን ይዞ የሚቆየው 1 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ላይ የጽናት ጭማሪው በደቂቃ ይታከላል፤ ሆኖም ከ30 ሰከንድ አያንስም። ያን ሲጨርስ በጭማሪው ልክ ለተቈጠሩ ዙሮች፣ ቢያንስ ለ1 ዙር፣ ይቆያል፤ አንዱ ዙር 6 ሰከንድ ነው። ከዚያ ተራው ሲደርስ የሕይወት ነጥቡ ወደ 0 ይወርድና ያጣጥራል። (የ2024ቱ እትም የኋለኞቹን ሁለት ደረጃዎች ለውጦ በየተራው ድካም እንዲጨምር አድርጓል።) «ጽናት» ያልነው በምንጩ «ኮንስቲቱሽን» የሚባለውን የሰውነት ብርታት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ሕገ መንግሥት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ዋናተኛውን በፓርላማ ድጋፍ ውኃ ውስጥ ያቆየዋል!

እንግዲህ ጭማሪው 2 የሆነ ገጸ ባሕርይ አዋሽ ወንዝ ውስጥ ቢጠልቅ 3 ደቂቃ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቀጥሎ ያሉት 12 ሰከንዶች ጓደኛው ደርሶ ሊያወጣው የሚችልባቸው ናቸው። ተርጓሚው በዚህ ቦታ «እስትንፋሱ ወጣ» ወይም «ትንፋሹ አለቀ» ቢል እነዚያን 12 ሰከንዶች ይሰርዛቸዋል፤ አማርኛ አንባቢ ሰውየው እንደ ሞተ ይቈጥራልና። እስትንፋስ ነፍስንም ጭምር ያመለክታል። አዳማ ውስጥ ከአማርኛው ጎን የሚነገረው ኦሮምኛም ከዚህ አይርቅም፤ «ሃፉራ» ትንፋሽም መንፈስም ነው፤ መንፈስ ቅዱስም «ሃፉራ ቁልቁሉ» ይባላል። «ትንፋሽ አጠረው» የሚለውም አይሆንም፤ ሮጦ የሚያለከልክ ሰው አየር አላጣም። «ትንፋሹን ዋጠ» የሚባለው በፍርሃት ወይም በጉጉት ጸጥ ላለ ሰው ነው፤ በውኃ ውስጥ መዋጥን ማንሳት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስባል።

በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያው ደረጃ «ትንፋሽ መያዝ»፣ ለሁለተኛው «የያዘውን ትንፋሽ መጨረስ» ይሻላል። «የያዘውን» የሚለው ቃል ቢያስረዝምም አይጣል፤ ያለቀው የተያዘው ትንፋሽ እንጂ ሕይወት አለመሆኑን የሚያስታውቀው እርሱ ነው።

ስለ «መስጠም» ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። በ2002 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የዘርፉ ባለሙያዎች ቃሉን የፈቱት ፈሳሽ ውስጥ በመግባት ሳቢያ አተነፋፈስ የሚታወክበት ሂደት በማለት ነው፤ ፍጻሜው ሞት፣ ጉዳት ወይም ያለ ጉዳት መትረፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍቺ መሠረት «ሰጥሞ ሞተ» እና «ሰጥሞ ተረፈ» እኩል ትክክል ናቸው። ሁለተኛው ዛሬ ለጆሮ እንደሚከብድ አንክድም። ነገር ግን በላንጋኖ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ለሚተከል ማስጠንቀቂያ፣ ለመጀመሪያ ርዳታ መጽሐፍም እንዲለመድ እንሻለን፤ «ሰጠመ» ሲባል ሞቷል ብሎ የተቀመጠ ሰው አይዋኝምና። «ውኃ ወሰደው» የሚለው ለትረካ ይቆይ።

የቀረው «መታፈን» ነው። ቃሉ ለሦስተኛው ደረጃ ይስማማል፤ ዳሩ ግን ተጠልፎ ለተወሰደ ሰውም «ታፈነ» ይባላል፤ በእነዚህ ጨዋታዎች ደግሞ ጠለፋ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በሕጉ ጽሑፍ «ታፈነ» ብቻውን አይቁም፤ «ትንፋሹ ታፈነ» ይባል።