በሬው ይሸጥ ወይ?

በአቃቂ ቃሊቲ ከማታው ትምህርት በኋላ አንዲት እናት ጠየቁን። «ልጄ ልብ ወለድ ጽፏል። ማሳተሚያ እንዲሆነው በሬው ይሸጥልኝ ይላል። ልሽጥ ወይ ልጆቼ?»

እኛም ተወያየን። በአገራችን ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። ካልተሸጠ ኪሳራው የራሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

አንደኛ፣ ጽሑፉን ለሰው ያስነብብ። ዘር ሳይለቀም አይዘራም።

ሁለተኛ፣ ማተሚያ ቤት ሄዶ ዋጋ ይጠይቅ። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ሊወጣው ይችላል። እንዲህ ከሆነ 160 ገጽ ላለው መጽሐፍ 10 ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሳይታተም የሙከራውን ቅጂ ፊደል በፊደል ይመልከት። ሺህ መጽሐፍ ከታተመ ስሕተቱም ሺህ ነው።

ታትሞም ችግር አለ። የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለ ልብ ወለድ አወጡ። በመጽሐፉ ውስጥ ገና በማኅፀን ያለ ልጅ፣ ግፍ ወደ በዛበት ዓለም አልመጣም ይላል። መንግሥት መጽሐፉን ከለከለ። አቤ ግን መጻፋቸውን አልተዉም። መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይነበባል።

እናታችን ሆይ፣ በሬው ለጊዜው ይቆይ። የልጅዎን ጽሑፍ መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት። አምና ቢሆን ሰው ያነብልዎ ነበር። ዘንድሮ ግን ፊደሉን ያውቁታል። ካነበቡት በኋላ ከልጅዎ ጋር ተማከሩ።